ለግማሽ ቀን ቤን ዲን ይሻልዎታል

ከደሴ ለሥልጠና ቬትናም ውስጥ ሆ ቺ ሚን ከተማ ሲደርሱ አንድ ጠዋት ብቻ ትርፍ ካለዎትና አብረውዎት የሚጓዙት ታላቅ ወንድምዎ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ፣ በቬትናም ጦርነት ተዋጊዎች ከተደበቁባቸው የኩ ቺ ዋሻዎች ቤን ዲን የተባለውን ክፍል ይምረጡ። ለጎብኚ ክፍት ከሆነው ሌላው ክፍል፣ ከቤን ዱኦክ፣ ይልቅ ለከተማው ስለሚቀርብ ከአስጎብኚ ጋር በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል፤ ወደ ዋሻው መግባትም ግዴታ አይደለም።

አብዛኛው ጉብኝት ከመሬት በላይ ነው። በቅጠል የተሸፈነውን ጠባብ መግቢያ፣ የምስጥ ኩይሳ መስሎ የተሠራውን የአየር ማስገቢያ፣ በተለይም ጭሱ ተበታትኖ ራቅ ብሎ እንዲወጣ የተደረገውን ማብሰያ ወንድምዎ ዋሻ ሳይገቡ ያያሉ። እርስዎ ከገቡ ግን፣ በላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ጨለማ መተላለፊያ እንደሚደረገው ግድግዳ እየዳበሱ ቆመው አይራመዱም፤ ለጎብኚ የሰፋው ዋሻ እንኳ አጎንብሶ፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ የሚታለፍ ነው። ትንፋሽ ካጠረዎት በየመሃሉ ካሉት መውጫዎች በቅርብ ባለው ይውጡ።

አንድ ነገር ለወንድምዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። በግቢው ጎብኚዎች እውነተኛ ጥይት የሚተኩሱበት ስፍራ አለ፤ ድምፁም ርቆ ይሰማል። የ2014 ዓ.ም. ጦርነትን በደሴ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን ሳላውቅ ሄጄ ጉልበቴ ከድቶኝ ተቀምጫለሁ። አስጎብኚው ዕረፍቱን ከዚያ ርቆ እንዲያደርግላችሁ ገና ከከተማ ሲነሡ ይጠይቁት።