አቮካዶው ደርሷል ወይስ ገና ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የአቮካዶ ዛፎች አሉን። አንዱ ድሮ ከፍሬ የበቀለ ነው፣ ሌላው የተዳቀለ ችግኝ ነው፣ ሃስ የሚባል ዝርያ ነው ብለው ነው የሸጡልን። ሁለቱም ጥሩ ያፈራሉ። ችግሩ ካወረድን በኋላ ነው፤ ግማሹ ይጨማደድና ጎማ ሆኖ ይቀራል፣ ሲቆረጥም ውሃ ውሃ ይላል። ባለቤቴ ዛፉ ላይ እንዳለ በጣቱ እየተጫነ «ይለስልስ፣ ገና ነው» ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ «ራሱ ሲወድቅ ነው የሚለቀመው» ትላለች። አሁን አንድ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ቀን ላውርድላችሁ እያለን ነው። ማንን እንስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም አትስሚ።

ከባለቤትሽ ልጀምር። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። ማንጎ ወይም ዘይቱን ዛፉ ላይ ሊበስል ይችላል፤ አቮካዶ ግን መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በጣት መጫን ምንም አይነግራችሁም፣ ፍሬውን ማቁሰል ብቻ ነው ትርፉ። የወደቀውን መልቀምም አያዋጣም። አንዳንዱ የሚወድቀው ነፋስ መትቶት ወይም ታሞ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ቆይቶ ነው፣ ደህናው ፍሬ እንኳ መሬት ሲመታ ውስጡ ይጠቁራል።

የእናንተ ፍሬ ጎማ የሚሆነው ሳይደርስ ስለወረደ ነው። ፍሬው ዛፉ ላይ ሲቆይ ውሃው እየቀነሰ ቅባቱ እየጨመረ ይሄዳል። እንጭጩን ከቆረጣችሁት ያ ቅባት አልሞላም፤ በአግባቡ ሳይለሰልስ በፊት ውሃውን ያጣና ይጨማደዳል። ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጊው አይድንም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? መልኩን አይተሽ መገመት ትችያለሽ። ልጣጩ ላይ ያለው ማብረቅረቅ ይጠፋና ደብዘዝ ይላል፣ ፍሬው የተንጠለጠለበት ጭራም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሃሱ ደግሞ ዛፍ ላይ እያለ ጠቆር ማለት ሊጀምር ይችላል፣ ግን አረንጓዴ ሆኖም የደረሰ ስለሚኖር ቀለሙን ብቻ አትመኚ። ከፍሬ የበቀለው ላይ የቀለም ነገር ጭራሽ አይሠራም፤ ብዙ ዝርያዎች በስለውም አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ከዚህ የተሻለው ማረጋገጫ አንድ ትልቅ ፍሬ ቆርጦ መክፈት ነው። ዘሩን የሸፈነውን ስስ ልባስ እይው። ነጭና ወፈር ያለ ከሆነ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ከሳሳ ደርሷል ማለት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የማምነው ይሄኛውን ነው፦ ከተለያየ ቅርንጫፍ ሦስት አራት ትልልቅ ፍሬ አውርዱና ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ገደማ ሳይጨማደድ ሁሉም በኩል እኩል ከለሰለሰ፣ ሲቀመስም ቅባት ቅባት ካለ፣ ትልልቆቹን ማውረድ ጀምሩ። ካልሆነ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። ቀኑን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ምልክት አድርጉበት፣ በተለይ ከፍሬ ለበቀለው፤ ከፍሬ የሚበቅል አቮካዶ እናቱን ስለማይመስል የዛፍሽን ጠባይ ከራሱ ከዛፉ በቀር ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

ሚዛን ካለሽ ደግሞ ትልልቅ ገዢዎች የሚለኩበትን መንገድ ቤትሽ ሞክሪው። ልጣጩንና ዘሩን አውጥተሽ 100 ግራም ሥጋውን በስሱ ክተፊ፣ ሳይቃጠል ድርቅ አድርገሽ አድርቂውና መዝኚው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሃስ የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ደርቆ የሚቀረው ከሥጋው ክብደት 20.8 በመቶ እንዲሆን ነው፤ 23 ግራምና ከዚያ በላይ ከቀረልሽ ያለ ሐሳብ አውርጂ።

ወደ ነጋዴው ስንመጣ፣ እዚህ ጋ ጠንከር በሉ። አቮካዶ የሚያብበው ለሳምንታት ነው፣ ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ እድሜው እኩል አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ማውረድ ማለት የደረሰውን ከእንጭጩ ጋር መሸጥ ነው። ያ እንጭጭ ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ውስጥ ሲጨመር ጣዕም የለውም፣ ይርጋለም ላሉት ዘይት ጨማቂዎችም ቢሆን ዘይቱ ገና አልሞላም። ትልልቁን አሁን ውሰድ፣ ቀሪውን ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ተመለስ በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ የደረሰ ሃስ ዛፍ ላይ ሳምንታት መቆየት ስለሚችል አትቸኩሉ። ግን እስከሚቀጥለው አበባ ድረስም አታቆዩት፣ ዛፉ ይደክምና የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይቀንሳል።

አወራረዱም ወሳኝ ነው። በዱላ አትምቱት፣ ዛፉንም አትነቅንቁት። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት አስራችሁ አውርዱት፣ ከጭራውም ትንሽ አስቀርታችሁ በመቀስ ቁረጡ። ጭራው ከሥሩ ከተነቀለ ፍሬውን የሚያበሰብሰው በሽታ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ዝናብ እንዳባራ፣ ፍሬው እርጥብ ሳለ አታውርዱ፣ ባዶ መሬት ላይም አትከምሩት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። ጠንካራ አቮካዶ ስገዛ ቶሎ እንዲበስል ምን ላድርግ? ፍሪጅ ውስጥ ሳስቀምጠው ውስጡ ግራጫ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያበላሸው ፍሪጁ ነው። ያልበሰለ አቮካዶ ብርድ ይጎዳዋል። ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ወይም ካርቶን ውስጥ አድርገው፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አታድርገው፣ እኩል አይበስልም። ካርባይድ የሚባለውን ኬሚካል ግን እንዳትነካው፣ ለጤና አደገኛ ነው። አንዴ ከለሰለሰ በኋላ ፍሪጅ አስገባው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይልሃል።