«አንቺ» ወይስ «አንተ»?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሰሞኑን የአንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ አዲስ አልበም ይዛ ማዳመጫው ከጆሮዋ አይወርድም። ዘፋኟ ቻፔል ሮን ትባላለች። ቅዳሜ ልብስ እያጠብን «ምን እያለች ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። እንግሊዝኛ አልችልም። እየተረጎመች ነገረችኝ፤ ግን ሁሉም ነገር «አንቺ፣ አንቺ» ሆነብኝ። «ኧረ 'አንተ' በይ፣ ተሳሳትሽ» አልኳት። «እማዬ፣ አልተሳሳትኩም። ሌዝቢያን ናት። የምትዘፍነው ለሴት ነው» አለችኝ። ክው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈኑ አንስተን አናውቅም። አልበሙ ስለ ምንድን ነው? ራሷ ናት የምትጽፈው ትላለች ልጄ፤ እውነት ነው? ልከልክላት ወይስ ልተዋት? ጎረቤቴን ላማክር አስቤ ነበር፤ ከዚያ በፊት እርስዎን ልጠይቅ አልኩ።

የሁለት ልጆች እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አልበሙንም ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሁለቱን ከካራ መገናኛ በታክሲ ስመላለስ፣ ሦስተኛውን ማታ መብራት ጠፍቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ።

ከትርጉሙ ልጀምር። ከደብዳቤዎ ልቤን የነካው እሱ ነው። ልጅዎ ትክክል ናት። እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ወንዱም «ዩ» ነው፣ ሴቷም «ዩ» ናት፣ ሽማግሌውም «ዩ» ናቸው። በዚያ ቋንቋ አንድ ሙሉ የፍቅር ዘፈን ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊያልቅ ይችላል። በአማርኛ አይሆንም። ወይ «ና» ነው ወይ «ነይ»። ወይ «ጥለኸኝ» ወይ «ጥለሽኝ»። «ሆዴ»፣ «ዓለሜ»፣ «ዓይኔ» ብለን ለጊዜው እናመልጥ ይሆናል፤ ግሡ ጋ ስንደርስ ግን እንያዛለን። ስለዚህ ልጅዎ መምረጥ ነበረባት። እንግሊዝኛ እንደማይችሉ ታውቃለች። «አንተ» ብላ ብታልፈው ኖሮ በምን ያውቁ ነበር? ቀላል መውጫ እያለላት እውነቱን ነገረችዎት። ይህን ነገር አቅልለው እንዳያዩት አደራ።

ዘፋኟ ያደገችው ሚዙሪ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ዊላርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አካባቢው አጥባቂ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሰች ነው ያደገችው። የመድረክ ስሟ ራሱ የአያቷ መታሰቢያ ነው። «ቻፔል» የአያቷ የቤተሰብ ስም ነው። «ሮን» ደግሞ እሳቸው ይወዱት ከነበረ የድሮ የካውቦይ ዘፈን የመጣ ነው። ሰውየው በአንጎል ካንሰር ነው ያረፉት። ያያቱን ስም ይዞ መድረክ የሚወጣ ሰው፣ ከየት እንደመጣ የረሳ ሰው አይመስለኝም።

በ17 ዓመቷ፣ በልጅዎ ዕድሜ ማለት ነው፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ አስፈረማት። እ.ኤ.አ. በ2020 አሰናበታት። ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ከመኪናቸው ሳይወርዱ ቡና ለሚገዙ ሰዎች ቡና ስታቀብል ዋለች። ከዚያ እንደገና ተነሳች። እርስዎ አዲስ ያሉት አልበም የወጣው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 2016 ነው። ስሙ «ዘ ራይዝ ኤንድ ፎል ኦፍ ኤ ሚድዌስት ፕሪንሰስ» ነው፤ 14 ዘፈን አለው። መጀመሪያ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በዓመቱ ነው ዓለም የሰማው። ጥር 2017 ላይ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት ተብላ ግራሚ ስትሸለም፣ መድረክ ላይ ቆማ የሙዚቃ ኩባንያዎች ለጀማሪ ዘፋኞች የሚያኖር ክፍያና የጤና መድን እንዲሰጡ ጠየቀች። እኔ ይሄን ስሰማ የራሳችን ዘፋኞች ናቸው የታወሱኝ። ስንቱ ነው ሕዝብ እያጨበጨበለት ኖሮ፣ ሲታመም መታከሚያ የተለመነለት?

አዎ፣ ግጥምና ዜማው የራሷ ነው። አብዛኛውን ዳን ኒግሮ ከሚባለው ፕሮዲውሰሯ ጋር አብረው ነው የሠሩት። ካራ መንገድ ዳር ከሃያ ዓመት በላይ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን እያነበብኩ ነው የኖርኩት። ድምፁ የሴት፣ ግጥሙ ግን የወንድ የሆነው ይበዛል። ሴቷ ስለ ገዛ ልቧ የምትዘፍነው ወንድ የጻፈላትን ነው ማለት ነው። አስናቀች ወርቁን በክራሯ፣ እጅጋየሁ ሽባባውን፣ ዘሪቱ ከበደን የምናከብራቸው አንድም ለዚህ ነው። የራሳቸውን ቃል ይዘው መጡ። ይቺም እንደዚያው ናት። የሚሰማው የራሷ ሕይወት ነው፤ ልጅዎን የያዛት እሱ ይመስለኛል።

ስለ ምን ትዘፍናለች? ከትንሽ ከተማ ወጥቶ ራስን ስለማግኘት። ሴት ስለ መውደድ። ሴት ወድዳ ግን ለመናገር ስለፈራች ልጅ። በጣም ከታወቁት ዘፈኖቿ አንዱ ከቴነሲ ወጥታ ካሊፎርኒያ ጭፈራ ቤት የምትጨፍር ልጅ ታሪክ ነው። እናቷ ስትሰማ ትጮሃለች። ልጅቷ የእናቷን ጩኸት እዚያ ሆና ትሰማዋለች። ደስ ብሏታል፤ እናቷ ግን ከሐሳቧ አትወጣም። ታክሲ ውስጥ ይቺን ስሰማ ከመውረጃዬ አልፌ ሄድኩ።

አልደብቅዎትም፣ ስለ ሰውነት በግልጽ የምታወራባቸው ዘፈኖችም አሉ። ለ17 ዓመት ልጅ አይሆኑም ካሉ መብትዎ ነው። እነሱን ለይተው ይንገሯት። ምክንያትዎንም ይንገሯት።

መከልከሉን ግን እኔ አይቼዋለሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ሳለ፣ የማልወደውን ዘፈን ደጋግማ ስትሰማ ካሴቱን ከቴፑ አወጣሁና ክሩን ጎልጉዬ ጣልኩት። በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠነች ልታድነው ሞከረች። ተበጥሶ ነበር። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት ሙዚቃ ከፍታ አታውቅም። ለሰው ልጆች ካሴት ስሸጥ እየዋልኩ፣ የገዛ ልጄ ምን እንደምትወድ ሳላውቅ አደገች። አሁን ሀዋሳ ናት። ስንደዋወል ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ሌላ ምንም አትነግረኝም።

ጎረቤት ማማከሩን ይተዉት እህቴ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርዎት። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን፣ አንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊት ወንጀል ነው። ዘፈን መስማት ወንጀል አይደለም። ሰው ግን ይህን አይለይም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ የወጣ ወሬ ግቢው በር እስኪደርስ መልኩን ይቀይራል። ዛሬ «ልጇ እንዲህ ዓይነት ዘፈን ትሰማለች» የተባለው፣ ነገ ስለ ልጅቷ ራሷ ይሆናል። ያ ወሬ ልጅን ከትምህርት ቤት ያስቀራል፣ ያስደበድባል። ይህ በእናንተ ቤት ውስጥ ይለቅ።

ደግሞ አንድ ያልጻፉት ፍርሃት እንዳለ ይገባኛል። «ልጄስ?» ብለው ነው። ዘፈን ስለ ወደደች ብቻ ስለ ልጅዎ ምንም ማለት አይቻልም። እኔ ስንት የሐዘን እንጉርጉሮ የሚገዙ ደስተኛ ሰዎች አውቃለሁ። የምትነግርዎት ነገር ካላትም፣ ከማንም በፊት እርስዎ ጋ ብትመጣ እመርጣለሁ። እርስዎም የሚመርጡት ይህንኑ ይመስለኛል። ቅዳሜ ዕለት በሩን ገርበብ አድርጋልዎታለች።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ልብሱ መሀል ሳላችሁ እርስዎ ይጀምሩ። አልበሙ ውስጥ ስለ ካሊፎርኒያ የምትዘፍነው አንዲት ረጋ ያለች ዘፈን አለች። የተመኘችው አልሆን ብሏት፣ ያደገችበት አገር ወቅቶች የናፈቋት ልጅ ናት። ቅጠል የማይጠወልግበት አገር ሰልችቷታል። «እሷን ተርጉሚልኝ» ይበሏት። «አንቺ» ስትል አያርሟት።