ጥያቄና መልስ፦ ሰባ ልጅ፣ አርባ ደቂቃ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመምህራን ናቸው። ዕቅድ ማስገቢያ ሰሞን መሆኑ ያስታውቃል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ከሁለቱ ላይ ስድቡንም አንስቻለሁ።

በዘጌ በኩል የሚያስተምሩ መምህርት፦ ክፍሌ ውስጥ ሰባ ልጅ አለ። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ሱፐርቫይዘሩ መጣና «ተማሪ ተኮር አይደለም» ብሎኝ ሄደ። በቡድን ላስቀምጣቸው ብል መተላለፊያ የለም።

ዴስኩን ይተዉት። ተማሪ ተኮር ማለት ክብ ሠርቶ መቀመጥ ነው ያለው ማነው? ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነገሩ ያልተነሳበት ስብሰባ የለም፤ ክፍል ሲደርስ ግን ወንበር ማዞር ሆኖ ይቀራል።

እኔ ዕቅድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው አንድ ዓምድ ነው። «የመምህሩ ተግባር» የሚለው እስከ ጫፉ ይሞላል። «የተማሪው ተግባር» ሥር ግን «ያዳምጣሉ፤ ማስታወሻ ይይዛሉ» ተብሎ ይታለፋል። በማግስቱም ያው። ታዲያ ዴስኩ ምን አደረገ? ዕቅድዎን ከዚህኛው ዓምድ ይጀምሩ። ልጁ ከክፍል ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል? መቻሉንስ በምን አውቃለሁ? እነዚህን ከመለሱ የእርስዎ ዓምድ በራሱ ይሞላል፤ ያጥራልም።

ስለ መንሳፈፍና መስጠም ያስተምራሉ እንበል። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍዎ በፊት የደንገል ቁራጭ፣ ጠጠርና አንድ ባልዲ ውኃ ይዘው ይግቡ። «የትኛው ይሰምጣል?» አይበሉ፤ ያንንማ የጣና ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ ሲሰነብት ለምን ይከብዳል? ባለቤቱስ አውጥቶ ለምን ያቆመዋል?» ይበሉ። ሁለት ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ግምቱን በዝምታ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሦስት ደቂቃ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር። ወንበር አልተነቃነቀም። ከዚያ አምስት ስድስት ልጆች ይጠይቁ፤ እጅ የሚያወጡትን ብቻ ግን አይደለም። አንዱ «ውኃ ጠጥቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «በስብሶ ነው» ይላል። ደንገሉን ሰንጥቀው እንደ ስፖንጅ አየር የያዘውን ውስጡን የሚያሳዩት ይሄኔ ነው። ገለጻዎም ይሄኔ ይምጣ። አዎ፣ ገለጻ! አሥር ደቂቃ ቢያወሩ የሚከስዎት የለም፤ ልጆቹ አሁን መልሱን ይፈልጉታል።

መውጫ ላይ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይመልሱልዎ። ሰባውንም ማረም የለብዎትም። አሥራ አምስቱን አንብበው የነገውን ዕቅድ ያስተካክሉ። ሱፐርቫይዘሩ አሁንም ስለ ወንበር ካነሳ ዓምዱን ያሳዩት።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦ በቡድን አምስት ነን፤ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ማርኩን የምንወስደው እኩል ነው። አንዱማ ስሙን እንኳ እኔው ነኝ የምጽፍለት።

እህቴ፣ ያ የቡድን ሥራ ሳይሆን ያንቺ ሥራ ነው። ለአስተማሪሽ ሁለት ነገር ንገሪው፦ ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ድርሻ ስጠን፤ ሲያልቅ ደግሞ ከመካከላችን የፈለግከውን አስነስተህ አስረዳ በለው። በቀጣዩ ሳምንት ሁሉም ያነባል። ስሙንም ራሱ ይጻፍ።

አንድ አባት፣ ከሽምብጥ፦ የልጄ ደብተር ባዶ ነው። አስተማሪውን ብጠይቀው «ዘመኑ የተማሪ ተኮር ነው፤ ራሱ ይፈልግ» አለኝ። ታዲያ የምከፍለው ለምንድን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። «ራሱ ይፈልግ» ብሎ መቀመጥ ስንፍና ነው። በተማሪ ተኮር አስተሳሰብ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅን ያለ መሪ መልቀቅ የእሱ ሐሳብ እንዳልሆነ ደጋግሞ ጽፏል። ግን ከመክሰስዎ በፊት ማታ ልጁን «ዛሬ ምን ጻፋችሁ?» ሳይሆን «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ካስረዳዎት ደብተሩ ባዶ ቢሆንም ግድ የለም። ካላስረዳዎት አስተማሪውን ድጋሚ ያነጋግሩ፤ ርዕሰ መምህሩ ጋ ከመሄድዎ በፊት።

ሥራ ፈላጊ፦ ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ ዲዊን ላጥና ወይስ ቪጎትስኪን?

ሁለቱንም፤ ብዙ አይፈጅም። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) የሚለው ባጭሩ፣ ልጅ ዛሬ በሰው እገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል ነው። ስም ደርድረህ እንዳትመለስ። «እገዛው ክፍልህ ውስጥ የቱ ጋ ነው?» ቢሉህ የምታሳየው አንድ የትምህርት ዕቅድ ይኑርህ።

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለኝ። በቃል ስጠይቀው ፈጣን ነው፤ ከሰሌዳ ግን አይጽፍም፣ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። በራሱ መንገድ ይማር ብዬ ትቼዋለሁ።

አይተዉት! በፍልስፍና የሚታለፍ ነገር አይደለም። ልጁ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል። ነገ ፊት ያስቀምጡት፤ ግን በዚያ እንዳያበቁ። ወላጆቹን ጠርተው በአካል ይንገሯቸው፤ በልጅ እጅ የሚላክ ወረቀት መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይን ሐኪም ይየው። ሲመለሱም ሐኪሙ ምን እንዳለ ይጠይቁ፤ «እሺ እንወስደዋለን» ብለው ከቀሩ ደግመው ይጥሯቸው። መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ተማሪ ተኮር ማስተማር የሚጀመረው ከመነጽሩ ነው።

ስለ ደረጃ ዕድገት የጠየቁ ሦስት መምህራን፦ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት።

ዕቅድ በሰማያዊ ነው በጥቁር እስክሪብቶ የሚጻፈው? በሚጽፈው።