«አዎ» ብዬ ድምፅ ሰጠሁ፤ የሰፈሬ መንገድ ግን ያው ነው

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? የምኖረው ሲያትል ነው። በ2024ቱ ምርጫ ለመንገድ የሚውል ግብር ይጽደቅ ወይ ተብለን ተጠየቅን። ጉድጓድ ጎማዬን ከበላው ብዙም ስላልቆየ ሳላመነታ «አዎ» አልኩ። አሁን የቤት ግብሬ ጨምሯል። ቤቴ ፊት ያለው አስፋልት ግን እንደተሰነጠቀ ነው። ለቤንዚንም ታክስ እንከፍላለን። ታዲያ ተሸወድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተሸወዱም። ግን ያጸደቁት ነገር እርስዎ ያሰቡት አይደለም። ስሜትዎ ይገባኛል፤ እኔም አልፌበታለሁ።

በ2015 ለመንገድ የሚውለው የ930 ሚሊዮን ዶላሩ ሌቪ (ሕዝብ በድምፅ የሚያጸድቀው ተጨማሪ የንብረት ግብር) ሲቀርብ የምኖረው ከ85ኛው ጎዳና በስተሰሜን ነበር። ያ አካባቢ ወደ ከተማዋ የተጠቃለለው በ1950ዎቹ ነው፤ ብዙው ሰፈር የእግረኛ መንገድ የለውም። እናቴ አውቶቡስ ለመያዝ ስትወጣ የመኪናውን መንገድ ጠርዝ ይዛ ነበር የምትሄደው። እሷን አስቤ «አዎ» አልኩ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበብኩም። በኋላ ዝርዝሩን ሳይ የኛ ብሎክ የለበትም። በጣም ነበር የከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም።

የ2024ቱ ሌቪ 1.55 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የሚሰበሰበው በ8 ዓመት ነው። ድልድይ፣ የእግረኛ መንገድ፣ የትራፊክ መብራት፣ የብስክሌት መስመር፣ ሁሉም ከዚሁ ነው የሚሠራው። አስፋልት አንዱ ድርሻ ነው። እሱም ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው አውቶቡስና ከባድ መኪና ለሚመላለስባቸው ዋና ዋና ጎዳናዎች እንጂ ለሰፈር ውስጥ መንገድ አይደለም። ይህን እኔ ትክክል ነው እላለሁ። አስፋልት ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባዋል። ከላይ ከባድ መኪና ሲጫነው ሥሩ ይለቃል። በጊዜ ስንጥቁን መድፈን ርካሽ ነው። ሥሩ ከተበላሸ ግን ቆፍሮ እንደ አዲስ መሥራት ግድ ነው፤ ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የቤንዚኑን ታክስ ላነሱት፣ የፌዴራሉ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው። ከ1993 ጀምሮ አልተነካም። የአስፋልትና የሠራተኛ ዋጋ ግን በዚያ ዓመት አልቆመም። በዚያ ላይ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ከተማዋ ከነባር ቤቶች የምትሰበስበውን የንብረት ግብር ሕዝብ ሳይፈቅድ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳታሳድግ ይከለክላል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልጋት እኛን ትጠይቃለች።

የግብርዎ ጭማሪ ሁሉ ከዚህ ሌቪ የመጣ እንዳይመስልዎት። የ2015ቱ በ2024 መጨረሻ አብቅቷል፤ አዲሱ እሱን ነው የተካው። የትምህርት ቤቱ፣ የስቴቱና የካውንቲውም ድርሻ እዚያው የግብር ወረቀት ላይ አለ። ግብሩን ከሞርጌጅ ጋር አንድ ላይ የሚከፍል ሰው ደግሞ ምኑ እንደጨመረ አይታየውም። የኪንግ ካውንቲ ድረ ገጽ ለይቶ ያሳያል፤ ይዩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ2018 ከተማዋ ራሷ የ2015ቱ ገንዘብ ቃል የተገባውን ሁሉ እንደማይሸፍን በይፋ ተናግራለች። ስለዚህ «አዎ» ካሉ በኋላም መከታተል አለብዎት። ከነዋሪዎች የተውጣጣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አለ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። እኛ ሐበሾች እንዲህ ያለ ቦታ ብዙም አንታይም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለጉድጓዱ ግን እስከዚያ አይጠብቁ። ጉድጓድ መድፈን የዘወትር ሥራ ነው። «ፋይንድ ኢት፣ ፊክስ ኢት» የሚባለውን የከተማዋን አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ፎቶ አንስተው ከአድራሻው ጋር ይላኩ። መደወል ከመረጡ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነጻ ነው።