ልጆች ለማዝናናት ስንት ይበቃል? ከኦርላንዶ እስከ ዘጌ፣ ጥያቄና መልስ

ባለጀልባው፦ እንደምን አመሻችሁ የባሕር ዳር ወላጆች። በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚህ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ 9 ዓመት ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ቫን ነድቻለሁ። የሐበሻ ቤተሰብ ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ ጠዋት መዝናኛ ፓርክ አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። አሁን ጣና ላይ አንዲት ጀልባ አለችኝ። ስለ ሁለቱም ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የልጆቹን ዕድሜና የምትሄዱበትን ወር ጻፉ። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፣ ማታውን ሙሉ እደጋግመዋለሁ፦ ጠቅላላ ሂሳቡን ሳታውቁ ለልጅ ቃል አትግቡ።

የፋሲሎዋ እናት፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? እህቴ ቨርጂኒያ ናት። በክረምት መጥታችሁ ዲዝኒ ላሳያችሁ እያለች ነው። ከእሷ ጋር አራት እንሆናለን። ልጆቼ 11 እና 8 ዓመታቸው ነው። ትኬቱ 200 ዶላር ገባ የሚባለው እውነት ነው?

ባለጀልባው፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፣ ሁሉን ጻፍሽልኝ።

ዋጋው አንድ አይደለም። የሚወስነው ቀኑ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ኦርላንዶ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ከ2018 ጀምሮ ትኬት የሚሸጠው እያንዳንዱን ቀን ለብቻው ተምኖ ነው። አራት ፓርኮች አሉት። በጣም ርካሹ፣ ሰው በማይበዛበት ቀን፣ ታክስ ሳይጨመር 119 ዶላር ነው። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ደግሞ በገና ሰሞን 200ን አልፏል። ስለዚህ የሰማሽው እውነት ነው፣ ግን የሁሉም ቀን ዋጋ አይደለም።

በ1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ተኩል ነበር። ያኔ መጫወቻዎቹ በኩፖን ለብቻ ይከፈልባቸው ስለነበር ሙሉው ወጪ ያ አልነበረም። ሆኖም ያ 3 ዶላር ተኩል፣ የዋጋ ንረቱ ሁሉ ተሰልቶ፣ ዛሬ 30 ዶላር አይሞላም።

አሁን ወደ አንቺ። እዚያ 10 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። የ11 ዓመቱ ልጅሽ አዋቂ ነው ማለት ነው። ከ3 እስከ 9 ያለው ቅናሽ አለው፣ ቅናሹ ግን ጥቂት ዶላር ነው። በነፃ የሚገባው 3 ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው። መካከለኛ ቀን መርጠሽ በነፍስ ወከፍ 160 ዶላር ብትይዢ ለአራት ሰው 640 ይሆናል። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 96,000 ብር ነው። ይህ ለአንድ ቀን ከበር ለመግባት ብቻ ነው። እህትሽ መኪናዋን ይዛ ከመጣች ማቆሚያው ለብቻው ይከፈላል። ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ ነዳጁ ገና አልገባም።

ደስ የሚል ነገርም ልንገርሽ። ፍሎሪዳ ትምህርት የሚጀመረው ነሐሴ መባቻ ላይ ነው። የኛ ልጆች ግን እስከ መስከረም ዕረፍት ላይ ናቸው። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ሰዉም ዋጋውም ይቀንሳል። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው። እኔ ግን በገንዘቤ ብሆን ያን ጊዜ ነው የምመርጠው። ለእህትሽ ቀኑን እንድታይ ንገሪያት። እስከዚያው ለልጆቹ ምንም አትበዪ።

ሽምብጥ 07፦ ቪዛ እንዴት ነው የሚገኘው?

ባለጀልባው፦ ቪዛ አላውቅም። ኤምባሲው ይጠየቅ።

አባይ ማዶ፦ ሰልፉ ለአንድ መጫወቻ 2 ሰዓት ነው ይባላል። ከፍሎ ማለፍም አለ ይላሉ። እስቲ አብራራልን።

ባለጀልባው፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

በ1999 ፋስትፓስ የሚባል ነገር መጣ። ነፃ ነበር። ወረቀት ትወስዳለህ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ተመልሰህ በአጭሩ ሰልፍ ትገባለህ። ሀብታምም ድሃም እኩል ይወስድ ነበር። በ2021 ይህ ቀረና በምትኩ በስልክ የሚገዛ መጣ። ሲጀምር በቀን ለአንድ ሰው 15 ዶላር ነበር። ቆይቶ ስሙም ዋጋውም ተለወጠ። በ2024 ደግሞ ሰዓት ሳይመርጡ በፈለጉት ጊዜ የሚያልፉበትን አመጡ። እሱ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ከመግቢያው ትኬት ሌላ፣ እስከ 449 ዶላር ይደርሳል። ለአንድ ሰው ነው ያልኩት።

ሰው ትኬት ተወደደ ብሎ ያወራል። የጨመረው ግን ትኬቱ ብቻ አይደለም። ድሮ በትኬቱ ውስጥ የነበረው አንድ በአንድ እየወጣ ለብቻው እየተሸጠ ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴላቸው በነፃ የሚወስድ አውቶቡስ ነበራቸው። በ2022 መጀመሪያ ቀረ። ያን ሰሞን ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም። ለኔ ሥራ ነበር፣ ለቤተሰቡ ግን አዲስ ወጪ ነው።

አንድ ቀን ከሲያትል የመጣ አባት ሦስት ልጆች ይዞ ተሳፈረ። የትኛው ፓርክ እንደነበሩ አልናገርም። ማታ ልቀበላቸው ስሄድ ትንሿ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታሻለች። ካልሲዋ ላቧን ጠጥቶ እግሯ ላይ ተጣብቋል። ትልቁ ልጅ ገና በሩን ሳልዘጋው «ባቢ፣ በዚያኛው በር ስንት ሰው አለፈን መሰለህ? 212 ቆጥሬያለሁ» አለው። አባትየው ዝም አለ። እስከ ሆቴላቸው 25 ደቂቃ ነው። ማንም ሳይናገር ደረስን።

ያ ሰው የሁለት ወር ትርፍ ሰዓቱን አጠራቅሞ ነው የመጣው። ልጁ ይዞ የተመለሰው ግን መጫወቻውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ለዚህ ነው ጠቅላላውን አስቡ የምለው።

ኢኮኖሚስቱ፦ ይቅርታ ባለጀልባው፣ ከፍሎ ቢያልፍ ምን ጥፋት አለው? አውሮፕላን ላይም ቢዝነስ ክላስ አለ።

አባይ ማዶ፦ አውሮፕላኑ ግን ሁላችንንም እኩል ሰዓት ያደርሰናል። እዚህ እሱ ባለፈ ቁጥር እኔ እዘገያለሁ።

የታክሲው ልጅ፦ ማደያ ሂዱና እዩት። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሬ እሰለፋለሁ፣ ሌላው በጎን ይቀዳል። ያ ቢዝነስ ክላስ ነው?

ኢኮኖሚስቱ፦ ያ ሌላ ነው። በጎን የሚቀዳው ሕገ ወጥ ነው፣ ይህ ግን በግልጽ የተለጠፈ ዋጋ ነው።

የታክሲው ልጅ፦ ለተሰለፈው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው ወንድሜ?

ባለጀልባው፦ ወንድሞቼ፣ የማደያውን ጉዳይ ሌላ ቀን እናወራዋለን። ኢኮኖሚስቱ፣ መሸጥ ወንጀል ነው አላልኩም። ግን አዋቂ ገብቶት ይታገሳል፣ የ8 ዓመት ልጅ ራሱን ነው የሚያወዳድረው። ቀጥሉ።

አዲስ ገቢ፦ ቤተሰብ ለማዝናናት ስንት ብር ይበቃል?

ባለጀልባው፦ የት? ስንት ሰው? መቼ? መግቢያዬን አንብብ።

ዲያስፖራዋ፦ በነሐሴ ኦርላንዶ ነን። ሁለት አዋቂ፣ ልጆቹ 6 እና 4። ምግቡ ነው የሚያስፈራኝ። ባለፈው ለአንድ ምሳ ያወጣነው እስካሁን ያበሳጨኛል።

ባለጀልባው፦ እህቴ፣ ዲዝኒ ምግብ ይዞ መግባት አይከለክልም። መስታወት ዕቃና አልኮል አይሁን እንጂ የቤትሽን መያዝ ትችያለሽ። እኔ የማመላልሳቸው እናቶች ፍርፍር በላስቲክ ዕቃ፣ ዳቦ ቆሎ በትንንሽ ከረጢት አድርገው ነበር የሚገቡት። አንዷ ጨጨብሳ ይዛ ገብታለች። ውሃ አትግዢ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በኩባያ የቀዘቀዘ ውሃ ብትጠይቂያቸው በነፃ ይሰጣሉ። የልጆቹን የዝናብ ልብስ ከቤት ያዢ፣ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ እዚያ ውስጥ የሚሸጠው ውድ ነው። የአሻንጉሊት ገንዘብ ደግሞ በር ላይ ሳትደርሱ ለየልጁ በእጁ ስጪው። ያ ሲያልቅ አለቀ።

ፔዳ ሰፈር፦ አቡዳቢ ዲዝኒ ሊሠራ ነው አሉ። ቅርብ ስለሆነ እሱን ብንጠብቅስ?

ባለጀልባው፦ በፈረንጅ ሜይ 2025 እንደሚሠራ ተነገረ። ተነገረ ማለት ተከፈተ ማለት አይደለም። ገና ያልተሠራ ነገር ለልጅ አይነገርም።

ሽምብጥ 07፦ ትኬቱ 200 ዶላር ነው?

ባለጀልባው፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ሳትጠይቁ አንብቡ፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

የበላይ ዘለቀ አባት፦ እኛ አሜሪካ አንሄድም። ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሦስት ልጆች (12፣ 9፣ 2)። በጥቅምት ጣና ላይ አንድ ቀን ማሳለፍ እንፈልጋለን። የዛሬ አራት ዓመት የከፈልነውና አሁን የተጠየቅነው አይገናኝም። ለምን?

ባለጀልባው፦ ወንድሜ፣ ወደ ቤቴ መጣህ።

ጀልባ የሚበላው ቤንዚን ነው። ቤንዚን በዶላር ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 (እዚህ ላይ ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው) ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። ቤንዚን በ2017 አጋማሽ ላይ በሊትር 100 ብርን አለፈ። የሞተሩ መለዋወጫ፣ ዘይቱ፣ ላይፍ ጃኬቱ ሁሉ ከውጭ ነው። እንግዳውም ቀንሷል። ድሮ በሳምንት ስድስት ጉዞ ያደርግ የነበረ ጀልባ አሁን አንድና ሁለት ካገኘ ደስ ይለዋል፣ የሳምንቱን ወጪ ያቺ አንድ ጉዞ ትሸከማለች። ይህን የምለው የምጠይቀውን ዋጋ ለመከላከል አይደለም፤ ምክንያቱን እንድታውቅ ነው።

የምትቀንሰው እንዲህ ነው። የጣና ጀልባ የሚከራየው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም። ስድስታችሁ ብቻችሁን ከምትሄዱ ሌላ ቤተሰብ ፈልጉና ተካፈሉ። ግማሽ ይሆናል። ወደ ዘጌ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ ባለበት ቀን ደግሞ ከግል ኪራይ በብዙ ይረክሳል።

ከመሳፈርህ በፊት እነዚህን በአፍህ ጠይቅ። ዋጋው ደርሶ መልስ ነው? ስንት ሰዓት ይጠብቀናል? አስጎብኚ ለብቻው ይከፈላል? የገዳሙ መግቢያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው፣ ሁለት ገዳም ካያችሁ ሁለት መግቢያ ነው። ወደብ ላይ ያልተነገረህ ወጪ ዘጌ ላይ ይጠብቅሃል። ኦርላንዶም ጣናም ነገሩ ያው ነው፣ ጠቅላላውን ጠይቅ።

የት ትሄዳላችሁ? ክብራን ገብርኤል ለእናትህና ለባለቤትህ አይሆንም፣ ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ባለማወቅ ሄደው እናት ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ የቀረችበትን ቀን አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግሩም ቦታ ነው፣ ለ2 ዓመት ልጅ ግን ሩቅ ነው። ዘጌ ሂዱ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። የ12 ዓመቱን ልጅ መቅደሱን ዙሪያውን በሞላው ሥዕል ፊት አቁመውና የሚያውቀውን ታሪክ ፈልግ በለው። የኔ ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያገኝ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሲመለሱ በጫካው መሐል ቡናው ከነዛፉ ይታያል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ልጅ ያስፈራል። ልጆቹ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ፣ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አትሳፈሩ። የአዋቂውን ለሕፃን ማልበስ ደግሞ እንዳለማልበስ ነው።

የሰንበት ተማሪው፦ አንድ ነገር ከነከነኝ። ገዳምን ከመዝናኛ ፓርክ ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው? ገዳም ሰው ሊሳለም የሚሄድበት ነው።

አባይ ማዶ፦ ልጅ ካልሄደ በምን ይወደዋል?

የሰንበት ተማሪው፦ ይሂድ እንጂ። ግን እየሮጠ፣ እየጮኸ፣ ስልክ እየደቀነ አይሁን።

ባለጀልባው፦ ወንድሜ ልክ ነህ፣ አነጋገሬም ሳያደናግር አልቀረም። የልጄም ጩኸት እዚያ አይገባም ነበር፣ አባ ገሥጸውታል። ያወዳደርኩት ወጪውን እንጂ ቦታውን አይደለም። ነጠላ ይያዝ፣ ጫማ ይውለቅ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ። የሚከፈለው መግቢያም ለመነኮሳቱና ለቅርሱ ጥበቃ ነው፣ እዚያ ላይ አትከራከሩ።

አዲስ ገቢ፦ ጢስ አባይስ? እኛ 5 ነን፣ ልጆቹ 7፣ 9 እና 13፣ በጥር።

ባለጀልባው፦ አሁን ጥሩ ጠየቅህ። በጥር አትድከም። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው ጢስ አባይ የሚያሰኘው።

ሽምብጥ 07፦ ከአዲስ አበባ በመኪና መምጣቱስ እንዴት ነው? የአንድነት ፓርክ መግቢያስ ስንት ነው?

ባለጀልባው፦ መንገዱን በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቅ እንጂ እኔን አትጠይቅ። የአዲስ አበባውን አዲስ አበቤ ይመልስ።

የፋሲሎዋ እናት፦ ጋሼ፣ እህቴን አሁን ደወልኩላት። ቀኑን ከፍታ አየች። ሐምሌ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ መካከል ለአራታችን ከ100 ዶላር በላይ ልዩነት አለው። ወደ ነሐሴ አዛውራዋለሁ አለች።

ባለጀልባው፦ ጎበዝ። ያ 100 ዶላር የሁለት ቀን ምሳ ነው። ለልጆቹ ነገርሻቸው?

የፋሲሎዋ እናት፦ ገና ነኝ። ትኬቱ እስኪቆረጥ አልናገርም።

የበላይ ዘለቀ አባት፦ እኔም ሌላ ቤተሰብ አገኘሁ፣ አባይ ማዶ ናቸው። ተካፍለን እንሄዳለን። በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሆንስ?

ባለጀልባው፦ እሺ። የ2 ዓመቱን ልጅ ኪሎ መዝነህ ላክልኝ። የሕፃን ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። የኔ ትንሹ ካልሆነው ከሌላ ጀልባ እዋሳለሁ።