የእሳት አደጋ ጣቢያው ማኅበር፣ በጀትና ወንድማማችነት

በአሜሪካ ስላሉ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ስለሚደጋገፉ በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ በሰፈራችን ባለው የእሳት አደጋ ጣቢያ ከኮሌጅ ዘመኑ ጀምሮ በበጎ ፈቃደኝነት ሲያገለግል ቆይቷል። አሁን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ በኩል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ተቀጥሮ የሠራተኛ ማኅበሩ አባል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አዲሶቹ ባልደረቦቹ በጎ ፈቃደኝነቱን እንዲተው ይነግሩታል፤ የድሮዎቹ ጓደኞቹ ደግሞ ‹‹በገንዘብ ለወጥከን›› እያሉ ይወቅሱታል። እነዚህ ሰዎች እንደ ወንድማማች የሚተያዩ ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ወንድማማች ከሆኑ ማኅበሩና ክርክሩ ለምን አስፈለገ? ልጄስ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ልጅዎ የገባበት ክርክር ከሥራው ታሪክ የመጣ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። በአሜሪካ እሳት የማጥፋት ሥራ የተደራጀው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 በፊላደልፊያ ያቋቋመው ቡድን አባላት የአንዳቸው ቤት ሲቃጠል ሌሎቹ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት ይዘው ሊደርሱለት የተስማሙ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አሠራሩ ከእኛ እድር ብዙ የራቀ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ በደመወዝተኞች የሚሠራ መሥሪያ ቤት በማቋቋም ቀዳሚ የሆነችው የሲንሲናቲ ከተማ ስትሆን ጊዜውም 1853 ነው። ደመወዙ ሲመጣ የሥራ ሰዓት ጥያቄም አብሮ መጣ። ሠራተኞቹ ሌሊትና ቀን ጣቢያው ውስጥ እየኖሩ ወደ ቤታቸው ብቅ የሚሉት ለምግብ ብቻ የነበረበት ዘመን ረጅም ነበር፤ በየከተማው የተበታተኑት ማኅበሮቻቸውም በ1918 ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን ሠራተኞች የሚወክለውን ዓለም አቀፍ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። ይህም ሆኖ በጎ ፈቃደኞቹ አልጠፉም። ከአገሪቱ አንድ ሚሊዮን ያህል የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ዛሬም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው።

እርስዎ በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ፤ በአንድ መኪና ተሳፍረው ወደ አንድ እሳት ይገባሉ። ቅሬታው የሚነሣውም ከዚሁ ቅርበት ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ የሚለው፣ የሠለጠነ ደመወዝተኛ በዕረፍት ቀኑ ሌላ ካውንቲ ሄዶ በነፃ የሚሠራ ከሆነ የዚያ ካውንቲ አስተዳደር ሊቀጥረው የሚገባውን ሰው ሳይቀጥር ይቆያል ነው። ስለዚህም ዓለም አቀፉ ማኅበር አባላቱ በእንዲህ ያለ ሁለት ሚና መሥራታቸውን አይደግፍም፤ በአባልነታቸው ሊያስጠይቃቸውም ይችላል። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ ግን የሚከለክለው አንድ ሰው ለገዛ ቀጣሪው ያንኑ ዓይነት ሥራ ‹‹በበጎ ፈቃድ›› እንዲሠራ መደረጉን ነው፤ ለሌላ ካውንቲ ማገልገሉን አይከለክልም። እንግዲህ ልጅዎ በሕግ ፊት የሠራው ጥፋት የለም፤ ያጋጠመው የማኅበሩ ደንብና የባልደረቦቹ ስሜት ነው።

ይህን ስሜት ለመረዳት አንድ መኪና ላይ ስንት ሰው ይሳፈራል የሚለውን ጥያቄ ማየት ይጠቅማል፤ በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2010 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ውጤቱን ይፋ ያደረገው ሙከራ የተካሄደው እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሥልጠና ማዕከል ውስጥ፣ የሞንትጎመሪና የፌርፋክስ ካውንቲ ሠራተኞች እየተሳተፉበት ነበር። ተራ የመኖሪያ ቤት ሲቃጠል መሠራት ያለባቸውን 22 ተግባራት በየመኪናው አራት አራት ሰዎች የተመደቡባቸው ቡድኖች ሁለት ሁለት ከተመደቡባቸው በ30 በመቶ፣ ሦስት ሦስት ከተመደቡባቸው ደግሞ በ25 በመቶ ፈጥነው ፈጽመዋል። የበጀት ሹም አራተኛውን ሰው የሚያየው እንደ ወጪ ነው። ጭስ ውስጥ ለገባው ሰው ግን አራተኛው ሰው ወንድሙ ነው፤ ውኃው እንዳይቋረጥበት የሚጠብቅለት፣ ቢወድቅም የሚያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበሩ ስለ ሰው ቁጥር ሲከራከር ወንድማማችነቱን ትቶ ወደ ገንዘብ የዞረ ሊመስል ቢችልም፣ በአብዛኛው የሚከራከረው ስለዚያው ወንድማማችነት ነው።

በቨርጂኒያ በኩል ነገሩ የበለጠ ትኩስ የሆነበት ምክንያትም አለ። በዚያ ግዛት የከተማና የካውንቲ ሠራተኞች የኅብረት ድርድር እንዲያደርጉ የተፈቀደው ገና በግንቦት 2021 ነው፤ ያውም የአካባቢው ምክር ቤት ደንብ ካወጣ ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ በዚያው ዓመት ቀድማ ደንቡን አወጣች፤ ፌርፋክስና ሌሎችም ተከተሏት። በሰሜን ካሮላይና እስከ ዛሬ ሕጉ አይፈቅድም። አሥርተ ዓመታት ለአስተዳደሩ በልመና መልክ ጥያቄ ሲያቀርቡ የኖሩ ሰዎች በቅርቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መደራደር ሲጀምሩ አዲስ ገቢውም ከእነሱ ጋር ሙሉ በሙሉ እንዲቆም መፈለጋቸው አያስደንቅም።

ስለ ወንድማማችነቱ የሰሙት እውነት ነው። በብዙ ቦታ የሥራ ፈረቃው 24 ሰዓት በመሆኑ ሠራተኞቹ አብረው ያድራሉ፤ ምግቡንም መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን እነሱ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዝተው፣ ተራ ገብተው አብስለው፣ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። ልጅዎ ጾም የሚጾም ከሆነ ከመጀመሪያው ፈረቃ ጀምሮ በግልጽ ይናገር፤ ሽሮ ሠርቶ ቢያቀርብላቸውም እንደ ትልቅ ነገር ይቆጠርለታል። ይሁን እንጂ ይህ ማዕድ ለሁሉም ክፍት ያልነበረበት ዘመን እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ጥቁሮች ተቀጥረው እንኳ በአንዳንድ ጣቢያዎች ለብቻቸው የተለየ አልጋ ይሰጣቸው ነበር፤ የኒውዮርክ ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር በ1940 ያቋቋሙትም እንዲህ ያለውን አድልዎ ለመታገል ነው። ያቺ ከተማ በቅጥር ፈተናዎቿ ላይ ለቀረበባት የአድልዎ ክስ 98 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው በ2014 ነው። እንደ ልጅዎ ላለ የስደተኛ ልጅ ትርፍ ሰዓቱ፣ ዕድገቱና የቅሬታ አቀራረቡ በጽሑፍ በሰፈረ የኅብረት ስምምነት መጠበቁ ጥቅም የሚሆነው ለዚህ ነው። የሰው ፍቅር ወደዚህና ወደዚያ ሊያደላ ይችላል፤ የተፈረመ አንቀጽ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ምክራችን ይህ ነው። አዲስ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜ ስላለው፣ በዚያ ወቅት እሳት የማጥፋቱን በጎ ፈቃድ ቢያቆም ይሻላል፤ በሌላ ጣቢያ ጉዳት ቢደርስበት ሕክምናውንና ካሣውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። የቀድሞ ጣቢያውን ግን ጨርሶ አይራቅ። የበጎ ፈቃድ ማኅበራቱ እሳት ውስጥ የማይገቡ አባላትም አሏቸው፤ በሒሳብ ሥራ፣ በትምህርትና በቅስቀሳ ሊረዳቸው ይችላል። አማርኛ የሚናገሩ አረጋውያን በሞሉባት ሲልቨር ስፕሪንግ ስለ ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው ማግኘት ትልቅ አገልግሎት ነው። ከመወሰኑ በፊት ሁለቱንም ወገን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ማድረግ ይችላሉ? (የሕግ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአብዛኞቹ ግዛቶች አይችሉም። በ1935 የወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የግዛትና የከተማ ሠራተኞችን ስለማይመለከት ጉዳዩ በየግዛቱ ሕግ ይወሰናል። ዓለም አቀፉ ማኅበር ራሱ አድማን የሚከለክለውን የደንቡን አንቀጽ ያነሣው በ1968 ነበር። ከዚያ በኋላ ከተደረጉት አድማዎች በጣም የሚታወሰው የ1980ው የቺካጎ አድማ ነው። ከንቲባ ጄን ባይርን በምርጫ ዘመቻቸው በጽሑፍ የሰፈረ ውል እንደሚፈርሙ ቃል ገብተው ነበር፤ ውሉ ሲዘገይ ሠራተኞቹ በየካቲት ወር ወጥተው 23 ቀን ቆዩ። ውሉን አገኙ። ነገር ግን አድማውን ጥሰው በሠሩትና በወጡት መካከል የተፈጠረው ቂም በየጣቢያው ለብዙ ዓመታት ዘለቀ፤ የአንድ ማዕድ ሰዎች ሳይነጋገሩ ጡረታ ወጡ ሲባል ስንሰማ የአድማው ዋጋ በገንዘብ ብቻ እንደማይለካ እንረዳለን።

በአድማ ፋንታ የሚሻለው መንገድ አስገዳጅ የግልግል ዳኝነት ይመስለናል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ መራጮች በ1994 በቻርተራቸው ያጸደቁት አንቀጽ ይህን የግልግል መብት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰጥቶ በዚያው አድማን ከልክሏል። ለአንተም የሚጠቅም ማነጻጸሪያ አለ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች፣ ቁጥር 377/1996ም ሆነ ቁጥር 1156/2011፣ የእሳት አደጋ አገልግሎትን አድማ ከማይደረግባቸው እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች መካከል ቆጥረውታል።

ጥያቄ፦ በንብረት ግብር ሰነዴ ላይ የእሳት አደጋ ግብር ለብቻው ተጽፎ እከፍላለሁ። የበጎ ፈቃድ ጣቢያው ደግሞ የእርዳታ ደብዳቤ ይልክልኛል። እናቴን አምቡላንስ ሲወስዳት ለኢንሹራንሷ ሒሳብ ተላከ። ለአንድ አገልግሎት ሦስት ጊዜ እየከፈልኩ ነው? (ግብር ከፋይ፣ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ)

መልስ፦ ሦስቱ የሚሄዱት ወደ ተለያየ ቦታ ነው። ግብሩ በዋናነት ደመወዙን፣ መኪናዎቹንና የዕለት ሥራውን ይሸፍናል። የእርዳታ ደብዳቤው የሚመጣው የራሱ ቦርድ ካለው የበጎ ፈቃድ ማኅበር ሲሆን መስጠት ግዴታ አይደለም። የአምቡላንሱ ክፍያ ደግሞ ብዙ ያከራከረ ነው፤ መራጮች በ2010 በድምፅ ውድቅ አድርገውት ነበር፤ በጎ ፈቃደኞቹም ሰዎች ክፍያ ፈርተው 911 ከመደወል ይቆጠባሉ ብለው አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ምክር ቤቱ በ2012 መልሶ ሲያጸድቀው ሒሳቡ ለኢንሹራንስ ብቻ እንዲላክ፣ የካውንቲው ነዋሪም ኢንሹራንሱ ያልከፈለውን ከኪሱ እንዳይጠየቅ ተደረገ። ስለዚህ እናትዎ አምቡላንስ ለመጥራት ፈጽሞ እንዳያመነቱ ይንገሯቸው።

ግብር በሌለበት የሚሆነውን ለማየት የቴነሲን ግዛት ማስታወስ ይበቃል። በ2010 ከሳውዝ ፉልተን ከተማ ወሰን ውጪ ይኖር የነበረ ሰው 75 ዶላሩን የዓመት ክፍያ አልከፈለም ተብሎ፣ ሠራተኞቹ ደርሰው ቆመው እያዩ ቤቱ ተቃጠለ። በሌላ በኩል ወጪ ያለ ልክ ሲያድግም ጣቢያ ይዘጋል። የካሊፎርኒያዋ ቫሌሆ በ2008 ለኪሳራ ጥበቃ ስታመለክት ከዋናው በጀቷ አብዛኛው የሚወጣው ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበር። የፌዴራሉ መንግሥትም ለአዲስ ቅጥር የሚሰጠው ድጋፍ ለሦስት ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሸክሙን የሚሸከመው የአካባቢው ግብር ከፋይ ነው።

በካውንቲዎ የበጀቱ ረቂቅ በየዓመቱ እስከ መጋቢት 15 ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ በሚያዝያ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ይደረግበታል፤ እስከ ሰኔ 1 ይጸድቃል። ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ወይም አስተያየቱን በጽሑፍ መላክ ይችላል። በሰፈርዎ ጣቢያ በሌሊት ፈረቃ መኪናው ላይ ስንት ሰው እንደሚሳፈር ከግብሩ መጠን ጋር አያይዘው ቢጠይቁ መልስ የማግኘት መብት አለዎት።