ጥያቄና መልስ፦ ተርቦው ሲጮህ፣ መኪናው ዳገት ሲከብደው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው 371 ሲኖትራክ ነው። ከአዳማ አሰላ ጭኜ ስወጣ ኢተያ ሳልደርስ ጉልበት ያጣል። ማርሽ ሳልቀንስ የምወጣውን ዳገት አሁን ሁለት ማርሽ ወርጄም ይከብደዋል። ነዳጅ ስረግጥ ከካቢኑ ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ፣ ጥቁር ጭስም ጨምሯል። ጋራዥ ሳሳየው «ተርቦው አልቋል፣ ቀይረው» ተባልኩ። ልግዛ? (ሾፌር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አሁን አይግዙ። የነገሩን ምልክት የሚጠቁመው ተርቦውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አምቆ የሚገፋውን ክፍል) ሳይሆን ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን የአየር መስመር ነው። ኩሽኔታው ያለቀ ወይም ምላጩ (የሚሽከረከረው ክንፉ) ቤቱን የሚነካ ተርቦ ድምፁ ቀጭን ነው፤ እንደ አምቡላንስ ሳይረን ከዙሩ ጋር እየቀጠነ ይወጣል፣ አንዳንዴም ብረት ከብረት ሲፋቅ ይሰማል። የእርስዎ ግን ሲረግጡ መጥቶ ሲለቁ የሚጠፋ ሽሽታ ነው። ያ የታመቀ አየር ሲያመልጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጥቁሩ ጭስም ይህንኑ ይናገራል፦ ናፍታው ሲሊንደር ይደርሳል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

በአሰላ መንገድ የባሰበት ምክንያት አለው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት አዳማ ላይ ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ አሰላ ላይ በ25 በመቶ ገደማ። ተርቦው ይህን ጉድለት ለመሙላት ይለፋል፤ ሜዳ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳም ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ይጋለጣል።

ፍተሻውን ከአየር ማጣሪያው ይጀምሩ። አዳማ አቧራዋ ብዙ ነው፤ የታፈነ ማጣሪያም ጉልበት ያሳጣል፣ ያስጨሳል። ቀጥሎ ወደ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ራዲያተር) የሚሄዱትንና የሚመለሱትን የጎማ ቱቦዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይፍቱ። ከላይ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ። ከማሰሪያው ሥር ያለውን ጠርዝ በአውራ ጣትዎ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን የተሰነጠቀው ይከፈታል፤ ዙሪያውም የዘይት ጭጋግ የያዘው አቧራ ጥቁር መስመር ሠርቶ ያገኙታል። አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው።

በዓይን ካልተገኘ የሳሙና ፍተሻ ያድርጉ። ከማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ከተርቦው አፍ ይንቀሉ፣ አፉን በልኩ በተሠራ የብረት ክዳን ይድፈኑ፣ ክዳኑ ላይ የጎማ ቫልቭ ያስገጥሙ። ከ1 እስከ 1.5 ባር ንፋስ ይስጡትና መገጣጠሚያዎቹን፣ የኢንተርኩለሩን ብየዳና የማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በሳሙና ውኃ ያርሱ፤ አረፋ የሚነፋው ቦታ ቀዳዳው ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ብዙውን ጊዜ 8 ባር ገደማ ይይዛልና ያለ ግፊት መቆጣጠሪያ በፍጹም አይልቀቁት፤ ክዳኑ ተወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ፊትዎንም ከፊቱ ያርቁ። ጥቂት አየር በተከፈተ የሞተሩ ቫልቭ አልፎ በጭስ ማውጫው ቢወጣ ግን ችግር አይደለም።

ክፍት እያለ ተርቦውንም ይዩት። ዘንጉን በጣት ይያዙ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ጤነኛ ነው፣ ኩሽኔታው በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ነውና፤ ምላጩ ግን ቤቱን መንካት የለበትም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፉት ሲስቡት በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ ያኔ አልቋል። የምላጩ ጫፍ ተበልቶ ከሳሳ አቧራ እየገባ ነው፤ በማጣሪያውና በተርቦው መካከል ያለውን ቱቦ ይመርምሩ። እዚያ ያለ ቀዳዳ የሚስብ እንጂ የሚተነፍስ ስላልሆነ አይጮህም፣ ብዙ ተርቦ የሚበላውም ለዚህ ነው። ሞተር እየሠራ ግን እጅዎን ወደ ተርቦው አፍ አያስጠጉ፤ ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል።

ጭስ ሳይኖር ጉልበት ላጡ ሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር እንጨምር። ሜካኒካል የናፍታ ፖምፓ ባላቸው ብዙ ሞተሮች ላይ ከአየር ማኒፎልዱ ወደ ፖምፓው የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ፖምፓው የአየሩን ግፊት የሚያውቀው በእርሷ ነው። ከተሰነጠቀች «ተርቦው አየር አልሰጠም» ብሎ ናፍታውን ይቀንሳል። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ጉልበትም የለም። ከእርሷ ጋር የናፍታ ማጣሪያውን ይዩ፤ በቁልቁለት የሚያግዘው የጭስ ማውጫ ፍሬንም ግማሽ ተዘግቶ ቀርቶ እንደሆነ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ አዲስ ተርቦ አስገጥሜ ሦስት ወር ሳይሞላው ሰማያዊ ጭስ ጀመረ፣ ዘይትም ይጎድላል። የተሸጠልኝ ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ይሆን? (ባለ መኪና፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን የገደለው ነገር ሁለተኛውንም እየገደለው እንዳይሆን እንሰጋለን። ከተርቦው ወደ ካርተር (የሞተሩ የዘይት ቋት) ዘይት የሚመልሰውን ወፍራም ቱቦ ይፍቱ። ከታጠፈ፣ ወይም ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ከጠበበ፣ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በተርቦው ማኅተም በኩል ወደ አየር መስመሩ ይወጣል። የሞተሩ መተንፈሻ ቢታፈንም ውጤቱ ያው ነው። ገጣጣሚው በዘይት ቱቦው ጓርኒሲዮን ላይ ሲልኮን ቀብቶ ከሆነ ያስጸዱት፤ ተቆርሶ የዘይቱን ቀዳዳ ይዘጋል። የዘይት መስጫው ቀጭን ቱቦ ከከሰለ ማጠብ አያዋጣም፣ ይቀየር።

እንደገና ሲገጠም ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየሩ፣ ኢንተርኩለሩም ተፈትቶ ይታጠብ። ውስጡ የተጠራቀመ ዘይት ወደ ሞተሩ ከተሳበ ሞተሩ ነዳጅ ቢቋረጥበትም በዘይቱ ብቻ እየጮኸ ሊቀጥል ይችላል፤ የተሰበረ ምላጭ ስብርባሪ ከቀረ ደግሞ ሲሊንደር ይጭራል። አዲሱን ተርቦ ከማሰርዎ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ጨምረው ዘንጉን በእጅ ያዙሩት። ከዚያ ነዳጁን ዘግተው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ያዙሩ፤ የዘይት ግፊት ሲታይ ያስነሱና ለሁለት ደቂቃ ያህል ሳይረግጡ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ከመተሐራ ጭኜ አዳማ ስገባ ሞተሩን ወዲያው ባጠፋው ጉዳት አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለው። በጋለው የተርቦ ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት ይከስላል። ዳገት ወጥተው ሲደርሱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በቀስታ ዙር ያቆዩትና ያጥፉት። ጠዋትም ሲያስነሱ የዘይት ግፊቱ እስኪወጣ ነዳጅ አይርገጡ።